ኔላን ጀልባው ያመለጣት ሐሙስ

የሰርግ ቪዲዮ ስታዩ ዓይናችሁ ማን ላይ ያርፋል? ሙሽሪት ላይ እንዳትሉኝ፤ እሷንማ ካሜራው ራሱ ይዟታል፣ የእናንተን እርዳታ አትፈልግም። እኔ የማየው ከኋላ የምታልፈዋን ሴት ነው። ሁልጊዜ አንዲት አለች። የተደራረበ ሳህን ደረቷ ላይ አስደግፋ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ካሜራው እንደያዛት ስታውቅ ደንገጥ ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ እልም የምትል። ሁለት ሰከንድ አትሞላም። ከዚያ በኋላ ኬክ ይቆረሳል፣ ይጨፈራል፣ ሚዜዎቹ ሞቅ ይላቸዋል፤ እኔ ግን ልቤ ከባለ ሳህኗ ጋር ሄዷል። ማን ናት? ሳህኑን ወዴት ወሰደችው? የራሷ ሰርግ እንዴት ነበር? ወይስ አልነበረም?

ይህን አመሌን ለሰው ተናግሬ አላውቅም። ዝምተኛ ነኝ፤ ዝምተኛ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ይዞ ብዙ ዓመት መኖር ይችላል፣ ማንም አይጠይቀውም። ዛሬ ግን የምነግራችሁ ስለ ደስታዬ ነውና ዝም ማለት አቃተኝ። ለካ ይህ አመል ያለብኝ እኔ ብቻ አይደለሁም! ከባሕር ማዶ፣ በማላውቀው አገር፣ ስማቸውን እንኳ አንብቤ የማልጨርሳቸው ሰዎች ቁጭ ብለው ስለ ባለ ሳህኗ ሴት ባለ አራት ክፍል ታሪክ ሠርተዋል። መጽሐፍ አይደለም። ፊልምም አይደለም። ጌም ነው።

አውቃለሁ፣ አንዳንዶቻችሁ እዚህ ጋ ገጹን ልትገልጡት ነው። የሁለት ዓመት ልጅ እናት ጌም ትጫወታለች? እኔም እናንተን ብሆን እንደዚያው ነበር የምለው። ትንሽ ታገሱኝ።

የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ብሩክ ተከራይቶበት የነበረውን ቤት ሲለቅ፣ ሌላ እስኪያገኝ ድረስ ዕቃውን እኛ ዘንድ አስቀመጠ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ የሌላ ሰው ፍራሽ፣ ሁለት ጆንያ ልብስና አንድ ፕሌይስቴሽን ሲጨመርበት ምን እንደሚመስል ኮንዶሚኒየም የኖራችሁ ታውቁታላችሁ። ወደ መታጠቢያ ቤት ለመሄድ በጎን ነበር የምናልፈው። ብሩክ እሑድ እሑድ እየመጣ የሚወደውን ባለ ሰይፍ ጌም ይጫወታል። የአንድ መስፍን ልጅ የተነጠቀውን ከተማ ለማስመለስ ስንት ሰዓት ሙሉ ሰው ሲቆርጥ ይውላል። እኔ ሶሊያናን ጡት እያጠባሁ ከጎን አያለሁ። አንድ እሑድ ባለ ሰይፉ ወንዝ ዳር ደረሰ። ወንዙ ዳር አንዲት ሴት ልብስ ታጥባለች። ብሩክ ተጠግቶ ቁልፍ ሲጫን «መንገዱ በድልድዩ በኩል ነው» አለችው። ደግሞ ሲጫን ያንኑ ደገመችለት። ጥሏት ሄደ።

«ቆይ፣ እሷስ?» አልኩት።

«ማን?»

«አጣቢዋ።»

ብሩክ ጌሙን አቁሞ ዞሮ አየኝ። በቤታችን ሳልጠየቅ ስናገር ሰምቶኝ አያውቅም። «ምስሬ፣ የእሷ እኮ ለብቻው አለ» አለኝ። «ስፒን ኦፍ ይሉታል፤ ከትልቁ ጌም ተገንጥሎ የወጣ ተከታታይ ነው። አራት ክፍል አለው። እኔ ጀምሬው ሰለቸኝ፤ ሰው አይገደልበትም።»

ሰው አይገደልበትም! ሌላ ምን ሊነግረኝ ይችላል? «ክፈትልኝ» አልኩት።

ክፍል አንድ ሲጀምር ጎህ ይቀድዳል። ኔላ ቅርጫቷን ይዛ ወደ ወንዙ ትወርዳለች። አዎ፣ ስም አላት! በትልቁ ጌም ስሟን የጠየቃት አልነበረም እንጂ ኔላ ትባላለች። አንዱን ቁልፍ ስትጫኑ ልብሱን ትነክራለች፣ ሌላውን ስትጫኑ ታሻለች፣ ሁለቱን አንድ ላይ ስትይዙ ትጨምቃለች። በቃ። ብሩክ የሰለቸው እዚህ ጋ ነው። እኔ የተያዝኩትም እዚሁ ጋ ነው። የሰው ልብስ ያጠበ ሰው ስለ ባለቤቱ ስንት ነገር እንደሚያውቅ የሚያውቅ ያውቀዋል። ኔላ የምታጥበው የወታደሮችን ሸሚዝ ነው። የአንዱ ኪስ ውስጥ የተጨማደደ ደብዳቤ አለ። የሌላው ክርኑ ተቀዶ በማይመስለው ቀለም ክር ተጥፏል፤ ራሱ ነው የጣፈው፣ ከስፌቱ ያስታውቃል። የአንዱ ደግሞ እጅጌው ሁልጊዜ አፍንጫ ተጠርጎበት ነው የሚመጣው፤ ልጅ ነው መሰል። አንዳቸውንም በዓይናችሁ ሳታዩ ሁሉንም ታውቋቸዋላችሁ። ከዚያ አንድ ቀን አርባ ሸሚዝ አጥባ ሰደደች። ቅርጫቱ ተመልሶ ሲመጣ ቆጠርኩ። ጌሙ ቁጠሪ አላለኝም፤ ራሴ ነኝ የቆጠርኩት። ሠላሳ አንድ። በማይመስለው ክር የተጣፈው የለም። አፍንጫ የሚጠረግበት የለም። ሙዚቃ አልተለወጠ፣ ያለቀሰ የለ፣ ጦርነቱ እንዲህ ሆነ ብሎ የነገረኝ የለ። ውሃው ብቻ ይፈሳል።

ጆይስቲኩን አስቀምጬ ወጣሁና የሶሊያናን ልብስ ከገመድ ላይ አወረድኩ። ገና አልደረቀም ነበር።

እንዲህ ዓይነት አተራረክ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም። ክፍል ሁለት ላይ ደግሞ ጉድ አለ። ኔላ አጎንብሳ ስታጥብ ከኋላዋ የእግር ኮቴ ይሰማል። ቀና ስትል ባለ ሰይፉ ነው! ያ ብሩክ ስንት እሑድ የጨረሰበት ጀግና! ከእሷ በኩል ሲታይ ግን ከንፈሩ የደረቀ፣ ጫማው ጭቃ የሆነ፣ የሰይፉን መያዣ የሙጥኝ ያለ ጎረምሳ ነው። መንገድ ጠየቃት። «በድልድዩ በኩል ነው» አለችው። እንደገና ጠየቃት፤ ደገመችለት። ሳያመሰግን ሄደ። አያችሁት? ያቺኑ አንድ ደቂቃ ባለፈው ከእሱ ጋር አልፈናታል፤ አሁን ደግሞ ከእሷ ጋር ቆመን ጀርባውን እናያለን። ሁለቴ የመለሰችለት ቃል ስለጠፋት አልነበረም፤ ልጁ ፈርቶ ስላልሰማት ነው። ብሩክ ጋ ደውዬ ልሰድበው ፈልጌ ነበር።

የምጫወተው ሶሊያና ቀን ስትተኛ ነው። አንድ እንቅልፍ፣ አንድ ሰዓት ተኩል። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው፤ እኔ ደግሞ ከስምንተኛ ክፍል አልፌ አልሄድኩም። ግን የዚህ ጌም ትልቁ ደግነት ምን መሰላችሁ፣ ቁልፉን እስክትጫኑ ድረስ ይጠብቃል። በስልኬ መዝገበ ቃላት አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ አምስት ደቂቃ ብቆይ ኔላ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትጠብቀኛለች። እንዲህ የጠበቀኝ አስተማሪ አልነበረም።

ብቻዬን ግን ብዙ አልቆየሁም። የውሃ ተራችን በሆነ ማክሰኞ እትዬ ዘነበች የልብስ መቆንጠጫ ሊዋሱ መጡ። ከአጠገባችን ያሉ ጎረቤት ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ። በሩ ላይ ቆመው ስክሪኑን አዩ።

«ማናት ይቺ? እንዲህ ነው እንዴ ልብስ የሚጨመቀው? ከጫፍ ነው እንጂ!»

«ጌም ነው እትዬ።»

«ጌምም ቢሆን ከጫፍ ነው የሚጨመቀው» አሉና ተቀመጡ። መቆንጠጫው ዛሬም አልተወሰደም። በማግስቱ ምድር ቤት የልጆች ልብስ ሱቅ ያላት ሐያት እትዬ ዘነበችን ፍለጋ መጥታ እሷም ቀረች። ከዚያ ወዲያ ሐያት የዙሁር ሶላቷን ሰግዳ ሱቋን ትዘጋና ትወጣለች፤ እትዬ ዘነበች ፔርሙሳቸውን ይዘው ይመጣሉ። እኔ እተረጉማለሁ፤ እትዬ ዘነበች ያርማሉ። እሳቸው እንግሊዝኛ ሲያነቡ ሁሉ ነገር የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይሆናል። ኔላ «እህቴ ናፈቀችኝ» ያለችውን «ከእህቴ ጋር ስለመገናኘት ይመለከታል» ብለው ተረጎሙልን። እውነቴን ነው። የኔላ ወንዝ ሌት ተቀን ሲፈስ ሲያዩ ደግሞ ሁለቱም እኩል «ታድላ!» ይላሉ። እኛ ብሎክ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው።

በክፍል ሦስት ከአንድ ሸሚዝ ኪስ በተገኘ ደብዳቤ ኔላ አንድ ነገር አወቀች፤ ሞታለች የተባለችው እህቷ በሕይወት አለች፣ ከወንዙ ማዶ። ወንዙ እዚያ ጋ ሰፍቶ ባሕር ያህላል። ሐያት አለቀሰች። እኔም። እትዬ ዘነበች ጉንፋን ነው አሉ።

እንግዲህ ልክ በዚህ ጊዜ ነው ሰኞ ዕለት ብሩክ የደወለው። ብስራተ ገብርኤል ቤት አግኝቷል። ቅዳሜ ጠዋት ዕቃውን ሊወስድ ይመጣል፤ ፍራሹን፣ ጆንያዎቹን፣ ፕሌይስቴሽኑንም። «እንኳን ደስ ያለህ» አልኩት፤ ከልቤም ነው። ስልኩን ዘግቼ ግን በጣቴ ቆጠርኩ። እስከ ቅዳሜ አምስት የሶሊያና እንቅልፍ። የቀረን ደግሞ ሙሉ ክፍል አራት። ኔላ ከእህቷ ጋር ትገናኝ አትገናኝ ሳላውቅ ማጫወቻው ከቤቴ ሊወጣ ነው። ፍራሽና ጆንያ ይሂድልኝ ብዬ ስጸልይ የነበርኩ ሴት፣ ፍራሹ ይቅር፣ እሱ ብቻ ይቆይልኝ ማለት ጀመርኩ።

ተጣደፍን። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ ኔላን አስሮጥናት። ሐሙስ ወደቡ ላይ ደረሰች። ብርዱ ገብቷል፤ ወንዙ በረዶ ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው። የመጨረሻው ጀልባ ሊነሣ ሲል ባለ ጀልባው አያት። ጢሙ ላይ አመዳይ ተጋግሯል።

«ትሳፈሪያለሽ?» አላት።

ከሥሩ ሁለት ምርጫ መጣ። አንዱ «እሺ»፣ ሁለተኛው «አይ፣ አላስቸግርህም»። ጣቴ ወደ እሺው ሲሄድ እትዬ ዘነበች እጄን ያዙኝ።

«ምን ነካሽ! ገና በአንድ ቃል?»

«እህቷ ማዶ ናት እኮ እትዬ።»

«ትሁና! ሰውየው ገና ከአፉ ከማውጣቱ ዘሎ መውጣት ምን ይባላል? ስትጠብቀው የነበረች ነው የሚያስመስላት። ይለምናት እንጂ።»

ወደ ሐያት አየሁ። ሐያት ነጋዴ ናት፤ የቀረበን ነገር የምታሳልፍ ሴት አይደለችም። ግን እሷም አሰበችና «እሳቸውስ ልክ ናቸው» አለች። «እኛ ቤትም ሦስቴ ሳይባል ማዕድ ላይ የሚቀርብ የለም። መጀመሪያ እምቢ በይው፣ ደግሞ ይጠይቃል።»

በእነሱ አላሳብብም፤ እኔም ልክ መስሎኛል። ጨዋ ልጅ ናት፣ በጨዋ ደንብ ትሂድ። «አይ፣ አላስቸግርህም»ን ተጫንኩ።

«እንዳልሽ» አለ ባለ ጀልባው። መቅዘፊያውን አነሣ። ሄደ።

«ይመለሳል» አሉ እትዬ ዘነበች።

ጠበቅን። ጀልባው አነሰ። ነጥብ አከለ። ጉም ዋጠው።

«አንዴ ብቻ ጠይቆ?» አለች ሐያት ተነሥታ ቆማ። «እናት የለውም እንዴ?»

«ባለጌ!» አሉ እትዬ ዘነበች ለስክሪኑ።

ብሩክ ጋ ደወልኩ። ጌሙ ራሱ መዝግቦታል፣ ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም፤ ከፈለግሽ ክፍል አራትን ከመጀመሪያው ትጀምሪያለሽ አለኝ። የቀረኝ አንድ እንቅልፍ ነው! «ለምንድነው ግን እምቢ ያልሽው?» አለ። «ይለምናት እንደሆነ ብለን ነው» ስለው የሳቁ ድምፅ ሶሊያናን ቀሰቀሳት።

ያን ቀን እራት ስሠራ አንድ የቆየ ነገር መጣብኝ። ስምንተኛን ጨርሼ አዲስ አበባ ስመጣ መካኒሳ አቦ አክስቴ ጋ ነበር ያረፍኩት። አንድ ጠዋት አክስቴ «ዘጠነኛ ላስመዝግብሽ እንዴ?» አለችኝ። ልቤ ሊወጣ ደርሶ «አይ፣ አልቸገርሽ፣ ይቅርብኝ» አልኩ። እንደ ደንቡ። ደግማ ስትጠይቀኝ ምን ብዬ እሺ እንደምል ሳሰላስል አደርኩ። ደግማ አልጠየቀችኝም። አልፈለገችም አድርጋ ወሰደችው፤ አልወቅሳትም፣ እኔ ያልኳትን ነው የሰማችው። የዚያን ዓመት የብዙ ሰው ልብስ አጠብኩ። ደግሞም ካልጠፋ ነገር ይህን ያስታወሰኝ ጢሙ ላይ አመዳይ ያለው ባለ ጀልባ ነው።

አርብ ሦስታችንም ተሰብስበን እንደ ለቅሶ ቤት ተቀመጥን። ከመጀመሪያው መጀመር የማይሆን ስለሆነ፣ ያው እንዳለችው እንይላት ብለን ቀጠልን። ኔላ ወደ ወንዙ ዳር ተመልሳ ቅርጫቷን አስቀመጠች። አጠገቧ የምታጥብ አንዲት አሮጊት ቀና ብላ ጠየቀቻት፦ «ለምን አልተሳፈርሽም?»

ኔላ ሸሚዙን ነከረች፣ አሸች፣ ጨመቀች። እኔ ነኝ የምጨምቅላት። ከዚያ ወደ ውሃው እያየች አንድ መስመር ተናገረች። አነበብኩት። ያነበብኩትን አላመንኩም። መዝገበ ቃላቱን ከፈትኩ፤ እያንዳንዷን ቃል አውቃታለሁ ግን ከፈትኩ።

«ምን አለች?» አለች ሐያት።

«ደግሞ ይጠይቀኛል ብዬ ነበር።»

እልል አልን! እትዬ ዘነበች ከሶፋው ተነሡ፣ ተቀመጡ፣ ደግሞ ተነሡ። «እኛ ናት! ይቺ ልጅ እኛ ናት!» ሐያት ትራሱን ጨምቃ ገደለችው፤ ሶሊያና ነቅታ ማንም ሳይነግራት ታጨበጭባለች። ይታያችሁ፣ እነዚያ ስማቸውን የማላነበው ሰዎች፣ በዓለም ላይ አንድ ሰው እዚህ ጋ በይሉኝታ እምቢ እንደሚል አስበዋል! ለእሱ ብለው ያቺን መስመር ጽፈው፣ አሮጊቷን አስቀምጠው፣ እኛ እስክንመጣ ጠብቀዋል። እሺ ያለ ተጫዋች ይህን ቃል በሕይወቱ አይሰማውም። ተሳስተን የገባንበት መንገድ የተጠረገ ሆኖ አገኘነው። እኔ ታሪክ የምለው ይህን ነው፤ ባጠፋችሁበት በኩል ወንበር የሚያቀርብላችሁ።

አሮጊቷ ቀጠለች፦ «በረዶው ሲቀልጥ ሌላ ጀልባ ይመጣል ይባላል። እስኪመጣ ግን...»

መብራት ሄደ። አርብ አለቀ።

ቅዳሜ ጠዋት ብሩክ መጣ። ታች ዕቃ የሚጭን ፒክአፕ አቁሟል። ፍራሹን አወረደ፣ ጆንያዎቹን አወረደ። እትዬ ዘነበችና ሐያት ሬሳ እንደሚሸኝ ሰው ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በመጨረሻ ፕሌይስቴሽኑን ነቀለና ብብቱ ሥር ያዘው፣ ገመዱን ትከሻው ላይ ጣለው። በሩ ላይ ሲደርስ ዞሮ ሦስታችንን አየን። እንግዲህ ጨዋ ልጅ ነው፤ እንዲህ ዓይነት ፊት አይቶ ዝም ብሎ አይወጣም።

«ወይስ... ትንሽ ይቆይላችሁ?» አለ፣ አንድ እግሩ ደረጃው ላይ ሆኖ።

ይህ ጥያቄ በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ እናንተም ታውቁታላችሁ። ኧረ ውሰድ፣ ዕቃህ ነው፣ በሰላም ግባበት በሉኝ ማለት ነው። እትዬ ዘነበች ስለ እኔ ሆነው ሊሉለት አፋቸውን ከፍተው ነበር።

«እሺ» አልኩት።

ብሩክ የተሳሳተ ሰው የመለሰለት ይመስል ወደ ኋላዬ አየ። «እ?»

«ይቆይልን። እስከሚቀጥለው ቅዳሜ።»

ፊቴ እንደ እሳት ይነድዳል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጥያቄ እሺ ብዬ አላውቅም ነበር፤ ለጋብቻም እንኳ ሦስቴ ነው ያስጠየቅኩት። ብሩክ እዚያው ቆሞ ማሽኑን አየ፣ እኔን አየ፣ ታች ጥሩምባ የሚነፋውን ሹፌር አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተመልሶ ገባና ቦታው ላይ አስቀመጠው። ገመዱን የሰካችው ሐያት ናት፤ ሐሳቡን እንዳይለውጥ።

«ተባረክ ልጄ» አሉ እትዬ ዘነበች ደንግጠው እንደነበር ለመደበቅ። «ሻይ ልቅዳልህ?»

«አይ እትዬ፣ አላስቸግርዎትም፣ ሰው ቆሞ ይጠብቀኛል» አለ ዓይኑን ፔርሙሱ ላይ ተክሎ።

ደግሞ ልንጠይቀው ይገባ ነበር፤ አውቃለሁ። ግን ስክሪኑ በርቷል፣ ወንዙ ታየ፣ አሮጊቷ መብራት ያቋረጠባትን ቃሏን ጀምራለች፣ ሦስታችንም ወደ ፊት ዘንበል ብለናል። ብሩክ በሩ ላይ ትንሽ ቆመ። ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ ወደ ውስጥ ገባና ራሱ ብርጭቆ አንሥቶ፣ ራሱ ቀድቶ፣ ከሐያት ጎን ተጠጋግቶ ተቀመጠ።

«ይቺ ሴትዮ ግን» አለ ሻዩን እየተጎነጨ፣ «ለምንድነው ከጫፍ የማትጨምቀው?»